ስሙን በገዛ አፉ የጠራው ጠበቃ

የፌርሊ ከተማ ጋዜጣ ለአሳሄል ፒኬት ሞት አራት መስመር ሰጠ። «ጠበቃ፣ ገበሬና ፖለቲከኛ የነበሩት አቶ አሳሄል ፒኬት በሰባ አንድ ዓመታቸው አረፉ። ለምክር ቤት ሰባት ጊዜ ተወዳድረው አንድም ጊዜ አልተመረጡም።» አለቀ። በዚያው ገጽ ላይ የኮሎኔል ሜርዌዘር ፈረስ ስለመታመሙ አሥራ አንድ መስመር ተጽፏል። ቆጥሬዋለሁ። ጋዜጣው በማን ገንዘብ እንደሚታተም ስለማውቅ አልገረመኝም። ግን ተናድጃለሁ፤ ይህንንም የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው።

አልተመረጠም ማለታቸው እውነት ነው። እንዴት እንዳልተመረጠና ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነ ግን የሚያውቁት እዚያ የነበሩ ናቸው። እኔ ነበርኩ፤ እንዲያውም በማልኮራበት በኩል ነበርኩ።

አሳሄል የተወለደው እዚሁ ሸንተረሩ ላይ፣ ግንድ በግንድ ላይ ተጋድሞ በተሠራ ቤት ነው። አባቱ የአጥር እንጨት ፈላጭ ነበር። ልጁ በሃያ ዓመቱ ፌርሊ ወርዶ አንድ ሽማግሌ ጠበቃ ዘንድ ገባ፤ ቢሮ እየጠረገ፣ ምድጃ እያነደደ ሁለት ዓመት ሕግ አነበበ። ሽማግሌው የነበሩት ሁለት የሕግ መጻሕፍት ብቻ ናቸው። አሳሄል ሁለቱንም በቃሉ ያዛቸው። ሦስተኛ መጽሐፍ ቢኖር ኖሮ ይሄ ሰው እንዲህ ግትር አይሆንም ነበር ይሉ ነበር ዳኞቹ።

ጠበቃ ከሆነ በኋላ ከተማ አልቀረም። ሸንተረሩ ላይ ስልሳ ኤከር ድንጋያም መሬት ገዝቶ በቆሎና ትምባሆ ዘራ። ጧት የትምባሆ ትል ሲለቅም ያረፍድና ችሎት ሲጠራ ጣቶቹ በትምባሆው ሙጫ እንደጠቆሩ ይገባል። ጠበቆቹ «ገበሬው» ይሉታል፣ ገበሬዎቹ «ጠበቃው» ይሉታል፤ በሁለቱም በኩል ስድብ ነበር፣ እሱ ግን ለሁለቱም አቤት ይል ነበር። እኔን ጌታዬ ስለው «ጌታህ ሸለቆው ውስጥ ነው ያለው፤ እሱን ጥራ» ይለኝ ነበር።

ጌታዬ ያለው ኮሎኔል ሜርዌዘርን ነው። እኔ ሊቫይ ስኒድ የኮሎኔሉ ጭሰኛ ነበርኩ። ቤቱ የሱ፣ በቅሎው የሱ፣ ከማመርተው ትምባሆም እኩሌታው የሱ ነው። የኔ የምለው ሚስቴን ኬዛያን፣ ሦስት ልጆቼንና አንዲት አሳማን ነበር። አሳማዋም ብትሆን የኬዛያ ነበረች፤ እኔ እንዳላዝባት በግልጽ ተነግሮኛል።

በኛ አገር አሳማ ጫካ ይውላል፣ ጫካ ያድራል። ጆሮው ላይ የባለቤቱ ምልክት ይቆረጥና ይለቀቃል፤ ከዛፍ የሚረግፈውን ፍሬ እየለቀመ ይወፍራል። ኅዳር ሲገባ ይታረድና በጨው ታሽቶ፣ ጢስ ጠጥቶ፣ የበረዶውን ወራት ያሻግረናል። አጥር የሚያጥረው ሰብል ያለው ሰው ነው፤ አሳማ ያለው አይደለም። መሬት የሌለው ሰው ሥጋ የሚቀምሰው በዚህ ብቻ ነበር።

ኮሎኔሉ ይህን ወግ የጠላው በአንድ ክረምት ነው። ከእንግሊዝ አገር በመርከብ ያስመጣቸው አፍንጫቸው አጭር፣ ቆዳቸው የሕፃን የመሰለ አሳማዎች ነበሩት፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር እነሱን ነበር የሚያስጎበኘው። ሲወልዱ ግልገሎቹ አፈ ረጅም፣ ዝንጉርጉር፣ ልክ እንደኛ የጫካ አሳማ ሆነው ወጡ። አውራጃው በሙሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ኮሎኔሉ አልሳቀም። በዚያው ዓመት ለምክር ቤት እወዳደራለሁ አለ፤ ከተመረጠ አሳማ ያለው ሁሉ አሳማውን እንዲያጥር፣ ከአጥር ውጭ የተገኘውም ተነድቶ እንዲሸጥ የሚያዝ ሕግ አወጣለሁ አለ። አንድ ጋት መሬት የሌለን ሰዎች ምኑን እንደምናጥር አልተናገረም።

አሳሄል ይህን እንደሰማ እኔም እወዳደራለሁ አለ። ባሮቹን ነጻ ካወጣው ጦርነት በኋላ በስምንተኛው ዓመት ነው።

ድምፅ የምንሰጠው በአፋችን ነው። በነሐሴ መጀመሪያ ሰኞ ፍርድ ቤቱ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ይወጣል፤ ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ መሐል ይቀመጣል፣ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ግራና ቀኝ። መራጩ ወጥቶ ስሙን ይናገራል፣ ቀጥሎ የሚመርጠውን ሰው ስም ይጠራል፤ ሰው ሁሉ ይሰማል። ስሙ የተጠራው ተወዳዳሪ ተነሥቶ ባርኔጣውን ያነሣና ያመሰግናል። የጨዋ ወግ የሚባልም ነበር፤ ተወዳዳሪው የራሱን ድምፅ ሲሰጥ የባላጋራውን ስም ይጠራል። የራስን ስም መጥራት ነውር ነው። ሁለቱም ስለሚያደርጉት ይካካሳል፣ ማንም አይጎዳም።

በዚያ ቀን ጧት ኬዛያ ሸሚዜን እየቆለፈችልኝ «ልጆቹን አስብ» አለችኝ። «ስም መጥራት ነው እንጂ ሚስት መዳር አይደለም። ጥራለትና ና።»

ከኔ አራት ሰው ፊት ፕራይመስ ሜርዌዘር ተሰልፎ ነበር። ፕራይመስ የኮሎኔሉ ባሪያ የነበረ፣ የቤተሰብ ስሙን እንኳ ከሱ የወረሰ ጥቁር ሰው ነው፤ ከነጻነት ወዲህ እንደኔው ጭሰኛው ሆኗል። ድምፅ እንዲሰጥ ከተፈቀደለት ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። ወጣና «ፕራይመስ ሜርዌዘር» አለ። «አሳሄል ፒኬት።» ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሁሉ ሰሙት። የኮሎኔሉ ካቦ በትንሽ ደብተሩ ላይ ጻፈ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ የፕራይመስ እቃ ከቤቱ ወጥቶ ሣር ላይ ተቀመጠ።

እኔ ተራዬ ሲደርስ የኮሎኔሉን ስም ጠራሁ። ኮሎኔሉ ለጭሰኛ አይነሣም፤ አገጩን ብቻ ነቀነቀልኝ። እንደኔ ያደረግን ጭሰኞች ሠላሳ አንድ ነበርን።

መጨረሻ ላይ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ቀሩ። አሳሄል ተነሣና እንደ ወጉ የኮሎኔሉን ስም ጠራ። ኮሎኔሉ ባርኔጣውን እስከ ጉልበቱ ዝቅ አድርጎ አመሰገነው። ባርኔጣውን መልሶ ራሱ ላይ ደፋና በረጋ ድምፅ «ላንግስተን ሜርዌዘር፤ ለላንግስተን ሜርዌዘር» አለ። የጸሐፊው ብዕር ቆመ። ከዚያ ብዕሩ ጻፈ።

አሳሄል በአንድ ድምፅ ተሸነፈ። ለራሱ ሰጥቶ ቢሆን በአንድ ያሸንፍ ነበር።

ሕጉ በዚያው በበረዶ ወራት ወጣ። መስክ ሲለመልም ካቦው እኛን ጭሰኞቹን ሰብስቦ የመንጃ ዱላ አደለን። በጫካ የተገኘ አሳማ ሁሉ ወደ አውራጃው በረት ይነዳል፣ ነጂዎቹ እኛ ነን። ነዳሁ። የጎረቤቶቼን አሳማ፣ የጆሮውን ምልክት እያየሁ፣ የማን እንደሆነ እያወቅኩ ነዳሁ። በሦስተኛው ሳምንት ከሸንተረሩ ሥር አሥራ ዘጠኝ አሳማ ከበብን፤ አንዷ የኬዛያ ነበረች። ሌሎቹ ሲሸሹ እሷ አወቀችኝና በቆሎ የምሰጣት መስሏት እየተንጎራደደች ወደ እኔ መጣች። ካቦው በፈረስ ከኋላዬ ነበር። በዱላዬ መታኋትና ወደ በረቱ አስገባኋት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለኔ ነው፤ ቤቴን ላድን ብዬ ልጆቼ የሚበሉትን በገዛ እጄ ነድቼ ሰጠሁ።

ኬዛያ ስነግራት ሻሿን አሰረችና ወደ ሸንተረሩ ወጣች፤ እኔም ከኋላዋ ተከተልኩ። አሳሄል ትምባሆው ውስጥ ጎንበስ ብሎ ትል ይለቅም ነበር።

«ደህና ነዎት አቶ ፒኬት?»

ደህና መሆኑን ነገራት፤ እሷስ እንዴት እንደሆነች ጠየቃት።

«እኔማ ደህና አይደለሁም። አሳማዬን ወስደዋታል። በበረዶው ጊዜ ልጆቼን ምን ላብላቸው? የእርስዎን ባርኔጣ ማንሣት ቀቅዬ ላብላቸው?» ድምፅዋ እየወፈረ ሄደ፤ አንቱታውም ቀረ። «አንድ ድምፅ ነው የጎደለህ። አንድ። እሱንም ኪስህ ውስጥ ይዘኸው ነበር። ጨዋ ነኝ ብለህ ለሌባ ሰጠኸው።»

አሳሄል ወገቡን ይዞ ቀና አለና በትከሻዋ ላይ አሻግሮ እኔን አየኝ። ባልዎን ይጠይቁ ማለት ይችል ነበር። የጎደለው ድምፅ የኔም ነበር፤ የሠላሳ አንዳችንም ነበር። እግሬ ሥር ያለውን አፈር እያየሁ እስኪለው ጠበቅኩ። አላለውም።

«ልክ ነዎት ወይዘሮ ስኒድ» አለ። «ጭሰኛው የፈራው ልጆቹ እንዳይራቡበት ነው። እኔ የፈራሁት ባለጌ እንዳልባል ነው።»

ኬዛያ ለጠብ ተዘጋጅታ ነበር የሄደችው፤ ልክ ነዎት ሲላት ሻሿን አጥብቃ ዞረች። ስንመለስ መንገድ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። «ጥራለት ያልኩህ እኔ ነኝ» አለችኝ። ሁለታችንም መሆናችንን ነገርኳት።

በሚቀጥለው ሰኞ አሳሄል ከራሱ አሳማዎች አሥራ አራቱን እየነዳ ፌርሊ ወረደና ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ለቀቃቸው። አንደኛዋ የዳኛውን አበባ በላች። ፖሊሱ ያዘው፣ ዳኛውም ሕጉ መኖሩን አያውቅ እንደሆነ ጠየቀው። አሳሄል አንብቤዋለሁ፣ የለቀቅኳቸውም ስላነበብኩት ነው አለ። ሁለት ዶላር ክፈል ሲባል አልከፍልም አለ፤ አሥር ቀን ታሰረ። በአሥራ አንደኛው ቀን ወጥቶ ከቀሩት ጥቂቶቹን ለቀቀ፤ አሥር ቀን ታሰረ። በዚያ ዓመት አራት ጊዜ ገብቶ ወጣ። እስር ቤት ተቀምጦ አሳማ ለተወሰደበት ሰው ሁሉ በርሜል ክዳን ላይ ይግባኝ ይጽፍ ነበር። ከሞላ ጎደል ሁሉንም ተረታ። ትምባሆውን ትል በላው፤ እኩሌታውን ያተረፈለት ፕራይመስ ነው፤ ከቤቱ ከተባረረ ወዲህ አሳሄል መሬት ላይ ጎጆ ሠርቶ ነበር።

ኬዛያ የበቆሎ ዳቦና አሬራ ይዛ ልትጠይቀው ትሄድ ጀመር። መጀመሪያ የሄደች ዕለት በመስኮቱ ብረት በኩል እያቀበለችው፣ ጨዋ ሰው እስር ቤት ምን ይሠራል ብላ ጠየቀችው።

«ባለጌነት እየተማርኩ ነው» አላት።

የምክር ቤቱ ዘመን ሁለት ዓመት ሞላና ጠረጴዛው ዳግመኛ በረንዳው ላይ ወጣ። ካቦው ከሳምንት በፊት ቤት ለቤት እየዞረ ለእያንዳንዳችን የፕራይመስን ነገር አስታውሶናል። የምርጫው ዕለት ጧት ተነሥቼ ስወጣ ደጃፋችን ላይ ጋሪ ቆሟል። ድስቱ፣ ፍራሹ፣ የልጆቹ ልብስ፣ ሰዓቷ ሳትቀር ተጭኗል። ጋሪውን ከፕራይመስ ተውሳ ኖሯል።

«እቃውን ጭኜዋለሁ» አለች ኬዛያ። «አሁን የፈለግከውን ጥራ።»

ፌርሊ ስደርስ ምርጫው ሊጀመር ነው። ተወዳዳሪዎች ድምፅ የሚሰጡት መጨረሻ ላይ ነበር፤ አሳሄል ግን ጸሐፊው መዝገቡን እንደገለጠ፣ ማንም ሳይቀድመው ተነሣ።

«አሳሄል ፒኬት» አለ። «ለአሳሄል ፒኬት።»

አንድ ሰው ተፋ። ሌላው ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ብልግና ነው አለ። ኮሎኔሉ ፈገግ ብሎ፣ እኔ እንኳ እስከ መጨረሻው ጠብቄ ነበር አለው፤ ሰዎቹ ሳቁለት።

«እኔም ሁለት ዓመት ጠበቅኩ» አለ አሳሄል። ከዚያ ፊቱን ወደ እኛ ወደ ሰልፉ አዞረ። «ይሄን ስም ከጠራ ቤቱን የሚያጣ ሰው እንዲጠራልኝ እየለመንኩ ነው። ምንም የማላጣው እኔ ለራሴ መጥራት አፍሬ ልዝለለው?»

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ከፊቴ የነበሩት ጭሰኞች አንድ በአንድ የኮሎኔሉን ስም እየጠሩ አለፉ፤ አልፈርድባቸውም። ተራዬ ደረሰ። ኮሎኔሉ የሚያየኝ እንደ ሰው ሳይሆን የራሱን በቅሎ በሌላ ሰው ደጅ ታስሮ እንዳገኘ ነበር።

«ሊቫይ ስኒድ» አልኩ። ጸሐፊው ማንን ብሎ ጠየቀኝ። «አሳሄል ፒኬትን» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴ ጆሮ እንግዳ ሆነብኝ። ካቦው ደብተሩን አወጣ።

አሳሄል ተነሣ። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለዳኛ ከሚያደርገው ይልቅ ዝቅ አድርጎ አወለቀ። «አመሰግናለሁ፣ አቶ ሊቫይ ስኒድ» አለኝ።

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ በጌታዬ ፊት አቶ ያለኝ ሰው አልነበረም። ከበረንዳው ስወርድ እንባዬ ወረደ፤ ማንም ቢያየኝ ደንታ አልነበረኝም። ወደ ኋላ ዞሬ ሳይ ቀጣዩ ጭሰኛ የአሳሄልን ስም እየጠራ ነው። ከሱ ቀጥሎም ሌላ። በመጨረሻ ዘጠኝ ሆንን።

ዘጠኝ አልበቃም። ኮሎኔሉ የውስኪ በርሜል ከፍቶ ከሸለቆው ብዙ ሰው አምጥቶ ነበር፤ በሠላሳ ሁለት ድምፅ ተሸነፍን። ከእኔ በቀር የስምንቱ እቃ በዚያው ቀን ወደ ውጭ ተጣለ። የኔ ጋሪ ላይ ስለነበረ ካቦው የሚጥለው አጥቶ ባዶ ቤት ውስጥ ቆሞ ቀረ፤ ኬዛያ ይህን ስታስታውስ አሁንም ትስቃለች። ዘጠኛችንም ወደ አሳሄል መሬት ወጣን። ፕራይመስ ጎጆ አሠራር አሳየን፤ በሦስት ሳምንት ዘጠኝ ጎጆ ቆመ።

ከዚያ አሳሄል መሬት ላይ የነበሩትን በረቶች ከፍተን፣ የሱንም ለእኛ የተረፉንንም አሳማ ሁሉ ጫካ ለቀቅን። ተደብቀን አይደለም፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ልጆቻችን እየጮኹ።

ካቦው ንዱ ብሎ የቀሩትን ሃያ ሁለት ጭሰኞች ጠራ። የአንዱ በቅሎ አንክሳለች። አንዱን ወገቡን ይዞታል። የአንዱ ሚስት ምጥ ላይ ናት፤ በዚያ ወር ለሦስተኛ ጊዜ። በምርጫው ጠረጴዛ ፊት አፋቸው ያልደፈረውን እግራቸው ደፈረው። ካቦው ከከተማ ሁለት ሰው ቀጥሮ ላከ። የፕራይመስ አውራ አሳማ ገደሉ አፋፍ ላይ ጠበቃቸው፤ አንዱ ሱሪው ተቀዶ፣ ሌላው አንድ ጫማውን ትቶ ተመለሱ። ኮሎኔሉ ወደ አውራጃው ፖሊስ አዛዥ ወደ ሸሪፉ ሄደ፤ ሸሪፉ ስሾም የማልኩት ሌባ ላሳድድ እንጂ አሳማ ልነዳ አይደለም አለው። ዳኛው አሳሄልን ብቻ ቢሆን ያስረው ነበር። አሥር አባወራ እንዳያስር ግን እስር ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ለእስረኛ የምታበስለው የዘበኛው ሚስትም ለዚህ ሁሉ ሰው አልጋግርም ብላ ቁርጡን ነገረችው። መከር ሲደርስ የአውራጃው በረት ውስጥ ሣር በቅሎ ነበር።

አሳሄል ከዚያ በኋላ አምስት ጊዜ ተወዳደረ፣ አምስቱንም ተሸነፈ። በየጊዜው ጠረጴዛው እንደወጣ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ተነሥቶ የራሱን ስም ይጠራል፤ እኛም ከኋላው እየተሰለፍን እንጠራለን። ባለፈው ወር ጧት የበቆሎውን አጥር ሲጠግን ወደቀ። ያነሣነው እኔና ፕራይመስ ነን።

ሕጉ ዛሬም አልተሻረም። ፍርድ ቤቱ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ አለ፣ የፈለገ ሄዶ ያንብበው። አሳማዎቻችንም ጫካ ውስጥ ናቸው፤ እነሱን እነዳለሁ የሚል ካለ ይምጣ፣ መንገዱን እኔ አሳየዋለሁ።